ደረሰኝ

ከመዝገብ ቤቱ አጥር፣ ከኒሟ ጥላ ሥር
የእንጨት ወንበር አለኝ ባለ ሦስት እግር።
የአዳማ ነፋስ ሌባ ነው፣ ወረቀት ይወዳል፤
ድንጋይ ካልጫንኩበት የሰው አቤቱታ ፍራንኮ ያወርዳል።
ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ዓይን አለቀስኩ፤
"እኔ አመልካቿ" እያልኩ ባሌን ቀበርኩ፣
"እኔ አመልካቹ" እያልኩ ከሥራ ተባረርኩ፤
ገጹን በሃምሳ ብር።

ማክሰኞ ረፋዱን መጣች አንዲት እናት፣
ልጇን በቶቧ አዝላ፣ ፌስታል ሙሉ ወረቀት።
"አማርኛ ትችያለሽ?" ብዬ ጠየቅኋት።
"ነገ" አለችኝ።
"ሌላስ?"
"ሲስተም የለም።"
"ሌላስ?"
"ኃላፊው ስብሰባ ናቸው።"
ይኸው ነው ያስተማርነው፣ ከኦምዱርማን ጥይት ሸሽታ ለመጣችው፤
ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስቱም የመስኮት ቁጥር አራት ናቸው።

የቀረውን ኪያር፣ የአከራይዋ ልጅ፣ ከዓረብኛ መለሰው፦
ስሟ ኢኽላስ ነው።
ማዚን ሰባት ወሩ፤ ሁለት ጥርስ አወጣ፣
በመዝገቡ ግን ገና ከሆድ አልወጣ።
"የውጭ ሰው እዚህ አይመዘገብም" ተብላ ሄደች ክፍለ ከተማ፤
ከዚያም "እዚያው ነው" አሏት፤ ብትመለስ፣ ማን ሊሰማ።
ስድስት መቶ ብር ከፍላለች፤ ለምን እንደሆነ አታውቅም።
ዐሥራ አንድ ጊዜ መጥታለች። ቀኖቹ በሙሉ
በክትባቱ ካርድ ጀርባ በጭረት አሉ።

ንጹሕ ወረቀት አወጣሁ። "ለእንባ ጠባቂ ተቋም" ብዬ ጀመርኩ፤
ኪያር ተረጎመላት። ሳቀች። እኔ ደነገጥኩ።
"እንባን ከምን ነው የሚጠብቀው?" አለች፣ "እንዳይፈስ? እንዳይደርቅ?"
ይህን ቃል ስጽፍ ኖሬ አንድ ቀን አልጠይቅ?

"የሠራተኛው ስም?"
"አልነገረኝም። ጥርሱ ፍንጭት ነው፤ በግራ እጁ ይጽፋል።"

ብዕሬ ቆመ።
ከስምንት ዓመት በፊት፣ በዚችው ወንበር፣
"ሥራ ፈላጊ" ብዬ የጻፍኩለት ልጅ ነበር፤
በዱቤ። ሲቀጠር ሙዝ ይዞልኝ መጣ።
ዛሬም ደንብ አስከባሪ ከጥላው ሊነቅለኝ ሲወጣ
"ተዉት፣ የኛ ሰው ነው" የሚለው እሱ ነው።
የኛ ሰው። ይቺ ቃል ናት
እኔን ጥላ ሥር፣ እሷን ፀሐይ ላይ ያዋለች።

"አንድ ሠራተኛ" ብልስ? ማን ይቀየመኛል?
"አንድ ሠራተኛ" ፊት የለው፣ ነገ መንገድ ላይ የት ያገኘኛል?

ማዚን ከጀርባዋ ተንጠራርቶ የወረቀቱን ጫፍ ጨበጠ፤
ምራቁ "ጉዳዩ" የሚለው ላይ ተንጠባጠበ፣ ቀለሙ ቀለጠ።
ሌላ ወረቀት አወጣሁ።
ሌንጂሳ ብዬ ጻፍኩ፤ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ።
ዐሥራ አንዱን ቀን፣ ስድስት መቶውን፤
"ስድብ አትጨምር" አለች፣ "ያደረገውን።"

ሁለት ገጽ ሆነ። መቶ ብር ዘረጋች፤ ስቀበላት አልለቀቀችም።
"ደረሰኝ" አለች።
አራተኛ ቃሏ! ከመስኮት አራት፣ "የለም" ከሚለው ጋር ሳትሰማው አልቀረችም።

እኔስ ደረሰኝ የት አውቃለሁ? ማኅተም የለኝ፣ ቁጥር የለኝ።
ይቺ ቃል መሐሏ አንድ "ብ" ብትሰነቀር "ደረሰብኝ" ነች፤
ሃያ ሁለት ዓመት ያቺ "ብ" አበላችኝ።
ከተበላሸው ወረቀት ምራቅ ያልነካውን ጥግ ቀደድኩና
"ከወይዘሮ ኢኽላስ መቶ ብር ተቀብያለሁ" ብዬ ፈረምኩ።
ማንበብ የማትችለውን አንድ በአንድ አየችው፤
ፌስታሏ ውስጥ፣ ከሁሉ በላይ አስቀመጠችው።

ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ሌንጂሳ ከቢሮው ወጣ፤
ባጃጅ እያስቆመ፣ እንደ ልማዱ፣ በግራ እጁ ሰላም አለኝ።
እኔም እጄን አነሣሁ፤
ቀለም የነካውን።