እርጥብ ጥጥ

ቤርሳቤህ ሌሊቱ ብርድ ነው፣ የበረሃ ብርድ፣
ቀን በእሳት ፈርዶ፣ ማታ በውርጭ የሚፈርድ።
አራተኛ ፎቅ፣ የኩላሊት ክፍል፣
ባልዲዬን ስገፋ፣ ወለሉን ስወለውል፣
ድምፁን ሰማሁት።

ፊቱን አይደለም፤ ፊቱንማ መች አየሁት፣
ዓይኔ በጨርቅ ታስሮ ነው ድምፁን ያጠናሁት።
ለስላሳ፣ የተማረ ሰው ድምፅ፣ የማይጮህ፣ የማይቆጣ፣
«እህቴ» አለ፣ «ትንሽ ውሃ፣ ነፍሴ እኮ ልትወጣ።»

መወልወያዬ ቆመ።

ሲና ላይ፣ በሰንሰለቱ ቤት፣ አስተርጓሚ ነበር ይሄ ሰው፣
የነሱን የዐረብኛ ቁጣ ባማርኛ የሚያለሰልሰው።
«ደውዪ ለእናትሽ፣ ሠላሳ ሺህ ዶላር ነው» ይለኛል፣
«ካልሆነ ወንድምሽን...» ብሎ፣ ቀሪውን ለኔ ይተውልኛል።
እሱም እስረኛ ነበር አሉ፣ እንደኛው የተገዛ፣
በምላሱ አንድ ጆግ ውሃ በቀን በቀን የገዛ።
ይሁን። ደምሰው ግን፣ ወንድሜ ግን፣ ሦስት ቀን ሙሉ
«ውሃ» ሲል፣ «ውሃ» ሲል፣ ከንፈሮቹ ሲቃጠሉ፣
ይህ ሰው ያችን አንዲት ቃል አልተረጎማትም።
ዋጣት።
የሱ ጉሮሮ ርሶ ነበር፤ አላነቀችውም።

አልጋው ግርጌ ስሙ አለ፣ በዕብራይስጥ ፊደል፣
አንድ ባንድ ቆጥሬ አነበብኩት፤ ስንሻው ይላል።
ስም ነበረው ለካ፤ አንዲት እናት ለዓመታት ስትሻው፣
ተስላ፣ ጾማ፣ አግኝታ፣ «ስንሻው» ብላ የጠራችው።

ኩላሊቱ ሞቷል። በራፉ ላይ ቀይ ወረቀት፦ መጠጥ ክልክል።
አንድ ጆግ ቢጠጣ ሳንባው ይሰጥማል፤
ይህን ወለል የምታጸዳ እንኳ ታውቃለች።

ለተጠማ ጠላት ውሃ ስጡ፣ አይደል ቃሉ?
ምድር ቤት በተከራየነው ቤተ ክርስቲያን ቄሱ ሲያነቡት፣ ሰዎች አሜን ሲሉ፣
እኔ ከዚያ ሁሉ ፍሙን ብቻ ነበር የወደድኩት፣
በራሱ ላይ የሚከመረውን፤ በሌሊት ስንቴ ቆሰቆስኩት!
እነሆ ቃል በፊደሉ ሊፈጸም፤
ጆጉን ልሙላ፣ ላጠጣው፣
በጽድቅ ልግደለው፣ ማንም አይከሰኝም።

ውሃው ሲንፎለፎል ሰማሁ።
ቧንቧውን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ሱሃ ገባች፣ የራሃቷ ነርስ፣ ጫማዋ ኮቴ የሌለው፣
አማርኛ አታውቅም። «ምንድነው» አለችኝ «የሚለው?»

ዝም ማለት እችል ነበር።
እንደሱ። ያኔ እንዳደረገው።
ቃሏ ጉሮሮዬ ላይ ቆመች፤ ደምሰው በውስጧ ተጠማ፣
ሦስት ቀን የተጮኸች ቃል፣ ማንም ያልሰማ፤

«ውሃ ይላል» አልኳት።
በዕብራይስጥ። ጥርት አድርጌ።

«መጠጣትስ አይችልም» አለች፤ እንጨት ላይ የተጠመጠመ ጥጥ ሰጠችኝ፣
«ከንፈሩን ብቻ።» ሌላ ደወል ጠራትና ከሱ ጋራ ተወችኝ።

ጆጉን ደፋሁት። ጥጡን ነከርኩ፣ ጨመቅኩ፣
የተሰነጠቀውን ከንፈር ከጥግ እስከ ጥግ አራስኩ።
እንደ ሕፃን ጠባው። ጥርሱ ሲይዘው እጄ ተንቀጠቀጠ።
አልወደድኩትም። ልቤ አንዲት ስንዝር አልቀለጠ።
እጄ ነው እንጂ የታዘዘው።

«እግዜር ይስጥሽ» አለኝ። «የማን ልጅ ነሽ?
ድምፅሽን የማውቀው መሰለኝ።»
አልመለስኩም።

ባልዲዬ በርዶ ጠበቀኝ።
ካልጋው ሥር ያለውን ወለል ሁለቴ ወለወልኩት፣ ለምን እንጃ።
ይቅር ብዬው ይሆን?
እንጃ።
ነገም ማታ ፈረቃዬ ነው።
ጥጡ የት እንደሚቀመጥ አውቄያለሁ።