ሁለት ዓይነት አዎ

የልብስ ስፌቱ ሼድ፣ መስመር አሥራ አራት፤
የሐዋሳ ሐይቅ ቀርቦ የማይታይባት፣
መስኮቷ ከጣራ ሥር፣ ሰማይ ብቻ ያላት።
መርፌው ሲንጫጫ ውሎ ሲንጫጫ ያመሻል፣
ሰሌዳው ላይ የቀን ግብ በቀይ ይጻፋል፤
የአንዱን አፍ ለሌላው ጆሮ የማደርስ እኔ ነኝ፣
አስተርጓሚ ብለው ደሞዝ የሚከፍሉኝ።

ኒሉሺ አለቃ ናት፣ ከስሪላንካ የመጣች፣
ሃያ ዓመት በመርፌ ፊት ጎንበስ ቀና ያለች።
ማሽን ሃያ ሁለት ላይ፣ ዱካሌ ላታሞ፣
የሌኩ ልጅ፣ ወንበሯ የሚሞላው ከሰው ቀድሞ።

አንድ ቀን አርባ ኮሌታ ተገልብጦ ተሰፋ፣
የጠዋቱ ልፋት ከንቱ ሆኖ ጠፋ።
«አሁንስ ገባሽ ወይ?» አለች ኒሉሺ በእኔ አፍ።
ዱካሌ ዓይኗን ጣለች ከጫማዋ ጫፍ፣
ቅንድቧን ሰቀል አድርጋ
ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበች፦ «እህ»።

አዎ ማለቷ ነው።
ትልቅ ሰው ፊት ዓይን ይሰበራል፣
አዎም በትንፋሽ ይነገራል፣
ይህን በእኛ አገር አፉን ያልፈታ ሕፃን ያውቀዋል።
ኒሉሺ ያየችው ግን ዓይን የምታሸሽ ሴት፣
የሰለቸው ሰው ትንፋሽ፣ በቅንድብ የሚወረወር ንቀት።
«አሾፈችብኝ» አለች፤ «ማስጠንቀቂያ ጻፍላት»።
ጻፍኩላት።
ማስረዳት እችል ነበር፤
ግን የምሳው ሰልፍ ይረዝማል፣ ሽሮው ይቀዘቅዛል፤
እግዜር ያውቃል፣ ምክንያቴ ይኸው ነበር።

በሳምንቱ ሐሙስ ስልክ ከሌኩ መጣ፦
ያሳደገቻት አክስቷ ዐረፈች፤ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት።
ዱካሌ ወደ አለቃዋ ሄደች፣ ያለ እኔ፣ ብቻዋን፤
በእኔ አፍ መናገር ያስከፈላትን ታውቃለቻ!
ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ
ስልኳን ዘረጋችላት፣ የአክስቷን ፎቶ፤
ከዚያ በሩን አሳየቻት።
ኒሉሺ ፎቶውን አየች፣ አየች፣
ራሷን ከትከሻ ትከሻ ወዘወዘች፣
ነፋስ እንደነካው ደንገል።
በእነሱ አገር «እሺ፣ ሂጂ» ማለት ነው።
በእኛስ?
ዱካሌ ተመለሰች። ተቀመጠች። ሰፋች።
ያን ቀን ከኮሌታዎቿ
አንድም አልተገለበጠ።

አሥር ሰዓት ላይ ኒሉሺ በመደዳው ስታልፍ
«ምን ትሠራለች እዚህ? ሂጂ ብያት ነበር እኮ!»
ዱካሌም ቀና ብላ፣
«ከልክላኝ ነበር እኮ!»
ሁለት «እኮ» ተጋጩ፣ እኔ መሐል ቆሜ፤
ቀብሩ ካለፈ አንድ ሰዓት ሆኖታል።

ኒሉሺ ዞር አለች። «ስሟ ማን ነው?» አለችኝ።
ሃያ ሁለት ልላት ነበር።
የደረቷን ባጅ አነበብኩ፦ «ዱላሌ»።
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ቸኩዬ፣ ካ እና ላን ሳልለይ፤
ሦስት ወር ሙሉ ያንን ዱላ
ደረቷ ላይ አንጠልጥላ ስትውል
እሷ አልተናገረች፣ እኔም አልጠየቅኳት።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤
የእሷን በቁሟ ቀበርኩት።
ኒሉሺስ ባሕር አቋርጣ ነው የመጣች፤
ከሌኩ እዚህ ድረስ
በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም።

ቅዳሜ ለልቅሶ ሄድን።
ኒሉሺ ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሳ መጣች።
ድንኳኑ ዞሮ አያት።
ጥቁር ነጠላ ልፈልግላት ስነሣ
ዱካሌ እጄን ያዘችኝ፦ «ተዋት፣
በአገሯ እንዲህ ይሆናል የሚታዘነው»።
አላወቀችም፤ ገመተች እንጂ።
ልክ ነበረች።
አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት።

ባጁን ቀይሬዋለሁ።
ማስጠንቀቂያው ግን ፋይል ውስጥ አለ፣
ከሥሩ ፊርማዬ።

ትናንት ማታ ከፓርኩ በር ላይ ባለ ባጃጁ
«አቶቴ! አቶቴ! ትሄጃለሽ እኅቴ?» ሲላት፣
ዱካሌ ሳታውቀው
ራሷን ከትከሻ ትከሻ ወዘወዘች።
እንቢ ያለች መስሎት ጥሏት ሄደ።
አቧራው ውስጥ ቆማ በሳቅ ስትፈርስ፣
ላስተረጉም ሮጥኩ፤
ባጃጁ ግን ርቋል።