የሌሊት ተረኛ

ሸዋንግዛው ሌሊት ነው፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፤
እኔ ቀን ሱቅ ነኝ። ጾሙ ሳያንኳኳ
እሑድ ቀኑን ሙሉ ስልጥ፣ ሳቁላላ፣
ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ክኩን የባቄላ
በታጠበ የቅቤ ዕቃ ሞልቼ፣ ከድኜ፣
«ረቡዕ»፣ «ዓርብ» ብዬ ጽፌ፣ ለይቼ
ፍሪጁን ጠቀጠቅሁት።

ሰኞ መብራት ሄደ። ማክሰኞም አልመጣ።
ውሃው በፍሪጁ በር ሥር ሾልኮ ወጣ።

እትዬ አልጣሽ ሰምታ ሳቀች ከአጥር በላይ፦
«ደብረ ብርሃን ተኑሮ ብርድ ይገዛል ወይ?
ደጅ አውጪው፣ ልጄ!»

አወጣሁት። ለውሻው ድንጋይ ጫንኩበት።
ንጋት ላይ ሣሩ ነጭ፣ ክኩ አለሎ ሆኗል፤
ክዳኑን ባንኳኳው እንደ በር ይጮኻል።

እጄን ብብቴ ከትቼ ቆሜ
አባቴን አየሁት፦
ጣርማ በር፣ ጥቅምት ላይ፣ ከማሳው ዳር ሆኖ፣
እሸት ሊሆን ያለው በአንድ ሌሊት ጠቁሮ፣
ምንም ሳይል፣
ቅጠሉን በጣቱ እየፈረከሰ።
ያው ውርጭ ነው ይኼም፣
ዛሬ ለእኔ ዘብ ሊያድር ከደጄ የደረሰ።

ሸዋንግዛው ገባ፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል፦
«ምን ዓይነት ውርጭ ነው! ጆሮ ይቆርጣል!»

«ተወው» አልኩት።
«እሱም እንዳንተው የሌሊት ተረኛ ነው።
ደመወዙን ግን
ከአባቴ ቀድሞ ተቀብሏል።»