ሞተሩ ሳይሞቅ

ስምንት ነን በቁጥር፤ ባጃጅ ሦስት ይጭናል፣
አንዱ እግሩን አውጥቶ፣ አንዱ ጭን ይለምናል።
ለአባባ ጉልላት፣ ጉልበት ለከዳቸው፣
ሳቢያን ክሊኒኩ ባሕር ማዶ ሆነባቸው።

ዕቁቡ ወጣልኝ። ሁለት ዓመት ጠብቄ፣
ከጫማ፣ ከቀሚስ፣ ከሥጋ ሰርቄ።
«መኪና!» አለ ባሌ፣ ሽመክት፣ ዓይኑ በርቶ፤
«አንድ ኖህ አይቻለሁ፣ ብርማ፣ ተወልውሎ ጸድቶ።»

ደላላው ሻፊም አለ፣ በዚያ በድሬ ለዛ፦
«አቦ! እሱን ያለፈ ሌላ እንዳይገዛ!
ወላሂ የነዳው አንድ ዶክተር ነበር፣
ከዚራ ውስጥ እንጂ ደቻቱን የማይሻገር።»

እኔ ነርስ ነኝ። ስለ ሞተር ባላውቅም፣
ሳይጠየቅ የሚምል ሰው አላምንም።

ሙሜ ጋ ሄድኩ፣ መጋላ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፤
የድሬን አሮጌ ፔጆ ሁሉ ሲጠግን የኖር።
ጣቱ ግራሶ ጠጥቶ፣ ጺሙ በሂና ቀልቶ፣
ሁሉን ሰማኝና ጠየቀኝ ቆይቶ፦
«ስንት ሰዓት ላይ አየሽው?»
«ከምሳ በኋላ።»
«በድሬ ፀሐይ ሥር ሁሉም ነገር ይሞቃል፣
ታሞ የከረመም ያኔ ጤነኛ ይመስላል።
ሞተር እውነት የሚያወጣው ሲቀዘቅዝ ነው፤
ጎህ ሳይቀድ እንሂድ፣ ተኝቶ እናግኘው።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻፊ እያዛጋ
ቁልፍ ይዞ መጣ፣ በነጠላ ጫማ፣ ገና ሳይነጋ።
ሙሜ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ጣለ፣
እኔ ትኩሳት እንደማይ፤ «በርዷል፣ አስነሳው» አለ።

አንዴ አቃተው። ሁለቴ። በሦስተኛው ተነሳ።
ጭሱ ነጭ ነበር፤ ሻፊ የእርጥበት ነገር አነሳ።
እርጥበት! በድሬ! በግንቦት መጨረሻ!

ሙሜ አልመለሰም። ከኋላ በር ገብቶ
የወንበሩን ቀበቶ ሳበ፣ እስከ ጫፉ ጎትቶ።
ከጥቅሉ ውስጥ፣ ማንም ከማያጥበው ስፍራ፣
ደረቅ ጭቃ ወጣ፣ ከአንዲት ቅጠል ጋራ።

ደቻቱን አውቀዋለሁ፤ አሸዋውም ይታወቃል፣
በጋ መንገድ ሆኖ ክረምት ሰው ይወስዳል።

ሽመክት ቅጠሏን አገላብጦ አየና
ቃል ጠፋው። ሙሜ ግን ከት ብሎ ሳቀና፦
«አጃኢብ ነው፣ እህቴ! ታሪኩ ተረሳ!
ኖህ ራሱ ሰጥሞ ለገበያ ተነሳ!»

ከዚያ ወዲያ ያየናቸው አይቆጠሩም።
የአንዱ ሊብሬ በሟች ስም ነው፣ ወራሾች አልተስማሙም፤
የአንዱ ሻንሲ ተበይዶ በስቱኮ ተለስኗል፤
የአንዱ ባለቤት ደግሞ ሳንጠይቅ ይቀንሳል፣
(ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው፤ ምን አውቆ ይሆን? ያሰኛል)።

ሮብሌ ግን፣ ሳቢያን፣ ከጎሚስታው ጎን፣
አላሞገሳትም ያቺን ታውን ኤሱን።
«የግራ በሯ ከሌላ መኪና ነው፣ ቀለሙም አልሄደም፤
ከውጭ ካልሆነ ደግሞ ከውስጥ አይከፈትም።
ዘይት ትጠጣለች፣ በወር ግማሽ ሊትር፤
ሬዲዮዋም ሞቷል» አለኝ፣ ሲናገር ባጭር ባጭር፤
«ሚስቴን ለወሊድ ወስዳለች፣ እናቴንም ለመቀበር።»

ሙሜ አንድ ቃል አለ፦ «ምስክሩ ደንገጎ!»
ሁላችን ገባን፤ ባሌ ቅሬታውን ሸሽጎ፣
አባባ ጋቢና፣ ምርኩዛቸው በጭናቸው፣
ልጆቹ ከኋላ፣ ክርን ከክርን ጋር ጠባቸው።

ጥምዝ ላይ ጥምዝ ነው። ካንቢዮው ሲቀነስ፣
ከሁለተኛ ወርዶ አንደኛ ላይ ሲደርስ፣
ልጆቹ ዝም አሉ። የሙቀቱ መርፌ
መሃል ላይ ቆሞልኝ፣ እኔም በአፌ
ልቆጥር ነበር፣ የልብ ምት እንደምቆጥረው።
መርፌው ግን እንደቆመ ነው።

ድሬ ከታች ቀረች፣ በአቧራ ተሸፍና፤
ብርድ ፊታችንን መታው፣ ደጋው ላይ ደረስንና።
አባባ ጉልላት፣ አርባ ዓመት ባቡር የነዱ፣
ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፣ እስኪያልቅ መንገዱ።
ጫፉ ላይ ስትቆም ብቻ «ልጄ» አሉኝ፣ «ይህቺ
ታቃስታለች እንጂ አትዋሽም። ግዢ።»

የግራውን በር ዛሬም ከውጭ ነው የምንከፍተው።
ትምህርት ቤት ስንደርስ ትልቁ ዘሎ ይወርዳል፣ ተራው ነው።
ሽመክት አንዳንዴ «ብርማ በሆነች» ይላል፣ ሲወለውላት።
ዝም እለዋለሁ። ያቺ ቅጠል ሊብሬው ውስጥ ናት።