ቀጂው

የኦስሞ ልጅ ሳይላ ማታ ደወለችልኝ፦
"አባባ ካለፈ ቤቱ ጠበበብኝ፤
አራት መቶ ካሴት፣ ካርቶን ሙሉ አለ፣
ልጥለው ብነሳ እጄ እምቢ አለ።"
በማግስቱ ከቱርኩ ባቡር ተሳፈርኩኝ፣
ታምፔሬ ስወርድ በረዶ ተቀበለኝ።

በየካሴቱ ሽፋን፣ በጉንዳን ጽሕፈቱ፣
ከተማው ተጽፏል፣ አዳራሹ፣ ዕለቱ፣
የቆመበት ስፍራ፣ የአየሩ ሁኔታ፣
የተበጠሰው ክር በየትኛው ጊታር፣ በየትኛው ማታ፦
"ኮትካ፣ ሰባ ስምንት። ግራ ዳር ቆሜያለሁ።
ዘፋኙን ጉንፋን ይዞታል። ከበሮው ደኅና ነው።
ዝናቡ በቆርቆሮው ይሰማል፤ ወድጄዋለሁ።"

መቅጃውን ከዳቦ ጋር በምሳ ዕቃ ደብቆ፣
ማይክሮፎኗን በጸጉራም ቆቡ ጆሮ ወሽቆ፣
ዘበኛው ሲዳብሰው "ብርድ ነው" ብሎ ስቆ
ይገባል። ይቆማል። ከዚያ በኋላማ
ሰው አይደለም፣ ግንድ ነው፤ ትንፋሹም አይሰማ።
ሺህ ሰው ሲዘል፣ ሲጮህ፣ ሲያጨበጭብ፣ ሲያለቅስ፣
እሱ ጉሮሮውን አይጠርግም፣ ክሩ ዞሮ እስኪጨርስ።
"ጭብጨባ" ይለኝ ነበር "ለቅጂ ጠላት ነው፤
ቱርኩ ያለው ጆሮህ የኔን እጅ ለምን ይስማው?"
እንደ ሰርግ አሳላፊ ለሁላችን ቀዳ፣
የሱ ዋንጫ ባዶ፣ የኛ ሙሉ ጓዳ።

እኛማ ጠጥተን ተጣላን በፖስታ።
ኦውሉ ያለው ቪልሆ "ኮትካ!" ይላል፣ "ያቺ ማታ!"
እኔ ደግሞ "ላህቲ!"፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ
ከበሮ መቺው ብቻ በጨለማ የቀጠለ፣
ሰባት ደቂቃ ሙሉ። ታዲያ እዚያ መሐል ላይ
ክሩ አልቆ፣ ኦስሞ ካሴቱን ሲገለብጥ፣ አርባ ሰከንድ ጠፋ፤ አይ!
ሁለት ዓመት ተኩል ስለዚያች አርባ ሰከንድ
ተጻጻፍን፤ እሱ በሱ፣ እኔ በኔ መንገድ
ያልሰማነውን ሞላን። ከዚያ ካሴት ሁሉ
በቃሌ የያዝኩት እሱን ነው፣ ያልተቀዳው ክፍሉን፣ ብቻውን በሙሉ።

ሳይላ ዘፈን አትወድም። "ለኔ ጩኸት ነው" አለች፣
"የአባቴ ድምፅ ግን የለኝም፤ አንዲት ቃል እንኳ አልተረፈች፤
እዚያ ሁሉ ቦታ ሲቆም አንዴ ሳይናገር ይቀራል?"
ሦስት ቀን ሰማን። ሰካራም ጠርሙስ ይሰብራል፣
ሕፃን "አለቀ ወይ?" ይላል፣ አንዲት ሴት ትስቃለች፣
በአሥራ አንድ ከተማ፣ በአሥራ አንድ ማታ፣ ያቺው ሴት ትስቃለች፤
ማን እንደሆነች እንጃ።
ኦስሞ ግን ጭጭ።

በአራተኛው ቀን ከካርቶኑ ሥር አንዲት ካሴት ወጣች፣
ቀይ መስመር ተሠርቶባት፦ "ኦውሉ። ተበላሽታለች።
ለማንም እንዳትላክ።" አጫወትናት። ጊታር መጣ፣
ጭብጨባ መጣ፣ ሁለተኛው ዘፈን ሊወጣ
ሲል፣ ከጆሯችን ሥር፣ ሹክ ያለ፣ የፈራ፦
"ይቅርታ፣ ጌታዬ፣ ሽቦዬን ረግጠዋል፤ አደራ።"

ሳይላ ሳቀች። መለሰችው። ደግማ መለሰችው።
"አንዴ ብቻ" ትላለች፤ ጣቷን ማን ይያዘው?
"ክሩ አርጅቷል" አልኳት፣ "እንቅዳው፤ ቢበጠስ ማን ይመልሰው?"

ሁለት ቅጂ አወጣን። አንዱን ለቪልሆ ላክሁት፤
ከሳምንት በኋላ መልሱን ከሣጥኔ አገኘሁት፦
"ያ እግር የኔ ነበር። በዚያው ነው የተዋወቅነው፤
ውጭ ቆሞ ሲጠብቀኝ ሊሰድበኝ መስሎኝ፣ ከምሳ ዕቃው የሰጠኝ ግማሽ ዳቦ ነው።"
ከታች ደግሞ፣ በእርሳስ፣ ልማድ አይለቅም መቼም፦
"የሁለተኛው ዘፈን መነሻ ይንኮሻኮሻል። የተሻለ ቅጂ የለህም?"