ሃምሳው በአንድ ቆርኪ

ፍሬስብሐት መጣ ከድሬ ተነሥቶ፣
በፌስታል ጠቅልሎ መጽሐፍ አንግቶ።
«ጀርባው ተሰበረ፣ ክሩም ተበጠሰ፤
ገበታዬ ላይ ዐሥር ዓመት ሲዋጋ ፈረሰ።»

የባቡሩ ዕቃ ቤት መዝጋቢ ነበረ፣
ብሎን ከዳዶ ጋር ሲቆጥር የኖረ፤
ጡረታ ቢወጣም ጣቱ መች ዐረፈ፣
ከዚራ በረንዳው ላይ ጦር አሰለፈ።

እኔ ጠራዥ ነኝ፤ የማውቀው ቆዳ ነው፣ ሙጫና ወስፌ፤
የሰው መጽሐፍ አላነብም፣ እሰፋለሁ ዐርፌ።
ይሄን ግን ገለጥኩት። ስለኛው ከተማ ነው፣
ከምስር መጥቶ ጀጎል ስለ ሰፈረው ጦር ነው።
የጻፈው የባሕር ማዶ ሰው፣ ለጨዋታ ብሎ፣
ሜዳውን በስንዝር፣ መድፉን በጣት ከፍሎ።
ለቆቡ ቀይ ስንት ጠብታ ጥቁር እንደሚገባ፣
የኮቱ ቁልፍ ስንት እንደሆነ ያውቃል።
የሉዶ ጠጠር ስድስት ካለ ግንቡ ይናዳል፤
አንድ ካለ ባሩዱ ይረጥባል።
ሥዕሉ ያምራል፤ ለምን እዋሻለሁ?
ፈረሱን ብቻ ሦስቴ ተመልሼ አይቻለሁ።

ገጽ ዐርባ ሦስት ላይ ወስፌዬ ቆመች፤
ከሠንጠረዡ ሥር ደቃቅ መስመር አለች።
ፍሬስብሐት በባቡር ፈረንሳይኛው አነበበልኝ፦
«የምስር ወታደር፣ ዐሥሩ በአንድ ምስል።
ያገሬው ሰው፣ ሃምሳው በአንድ።»

ምስል ከየት ይምጣ? ቆርኪ ነው ያለው።
ለምስሮቹ ቀይ ቀባ፤ ያገሬውን ሰው
ቀለም አለቀበትና በዝገቱ ተወው።

«ያባቴ ቅድመ አያት» አልኩት፣ «ያኔ ኤረር በር ላይ ቅል ይሸጥ ነበር።
ከነዚህ ሃምሳ ውስጥ ስንተኛው ነው?»
ቆርኪውን አገላበጠው። በአውራ ጣቱ አሸው።
«እሱ አይዋጋማ» አለኝ፣ «ከቁጥር አይገባም።»
ዝም ብዬ ክሬን ሰም ቀባሁ።

በነጋታው ሰፋሁለት፤ የፍየል ቆዳ፣ ድርብ ክር።
ለሽፋኑ ልባጥ ወረቀት ስፈልግ
ካረጀ ጥራዝ ሆድ የወጣ የዱቤ ቅጠል አገኘሁ፣
በዐረብ ፊደል፣ ዳር ዳሩን ብል የበላው፦
ዩኒስ ሸማኔው፣ ክር፤ አልከፈለም።
ኩልሱም የጨው ተራዋ፣ ሁለት ቁና ማሽላ።
የጉደቱ እናት፣ ለሠርግ፣ ማር፤ ግማሹ ተከፍሏል።
አንድ ሰው፣ ስሙ የማይነበብ፣
ሦስት ቅል አስረክቦ ገንዘቡን ያልወሰደ።

ለጠፍኩት፣ ከኋላ በኩል።
መጽሐፉን ሊወስድ ሲመጣ ተረጎምኩለት፤
ሳቀ፣ ሒሳቤን ከፈለ፣ በሚኒባስ ወረደ።

ትናንት ደወለ። ጦሩ ከቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።
ከኋላው የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማኛል።
«ተራው ያገሬው ሰው ነው» አለ፣ «ቆርኪዋን አነሣለሁ፣
ጠጠሩን መዳፌ ውስጥ አሞቀዋለሁ፤
ያ ባለ ቅል ግን
ገንዘቡን ሳይቀበል ወዴት ላዝምተው?»