የጳጉሜ ቆጠራ

ዊኒፔግ፣ ከሴልከርክ ጎዳና ገባ ብሎ፣
ምድር ቤት፣ ክፍል አሥራ አንድ።
ነገ ማክሰኞ ትምህርት ይከፈታል።
ዛሬ ሰኞ የሠራተኞች ቀን ነው፣
አገሩ ሁሉ ሐይቅ ዳር ሥጋ ይጠብሳል፤
እኔ ቁልፍ ለምኜ ገብቼ
ቁርጥራጭ እቆጥራለሁ።

በኔ አቆጣጠር ጳጉሜ ሁለት ነው፤
ከዓመቱ ጨርቅ የተረፈ ቅዳጅ፣
አምስት ቀን፣ ሲበዛ ስድስት፣
ደመወዝ የማይታሰብበት።
እዚህ ማንም አያውቀው፣ እኔም አላስረዳሁ።
ግን ጉርድ እርሳስ በጉርድ ወር
እየለቀምኩ ሳስብ፣
ማን ነው ሥራን በሙሉ ነገር የጀመረ?

የተመደበልኝ መቶ አርባ ዶላር፤
ልጆቹ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።
ለነፍስ ወከፍ ስድሳ ስድስት ሳንቲም፦
የሙጫውን ክዳን ይገዛል፣
ሙጫውን ግን አይገዛም።

መቀስ ሃያ ስድስት፣ ዘጠኙ ቅቤ የማይቆርጥ።
ብሩሽ አንድ ጣሳ፣ ጸጉሩ እንደተቆጣች ድመት የቆመ።
ቀይ የለም።
ቀይ ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቃል፤
ለእሳት አደጋ መኪና፣ ለልብ፣ ለደም፣
ለሆኪ መለያ፣ እንደገና ለልብ።
አረንጓዴ፣ የጥፍር ታህል።
ጥቁር፣ ወገቡ ተሰብሮ በፕላስተር የታሰረ።

ከታችኛው መሳቢያ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ወጣ፤
ጡረታ የወጣችው ሚስስ ሃልዶርሰን
ሃያ ዘጠኝ ዓመት የለቀመችው።
ከፈትኩት፦ ሦስት መቶ ነጭ የሰም ቀለም፣
አፍንጫቸው ያልደነዘ፣ ልብሳቸው ያልተላጠ፣
አንድም ቀን ሥራ ያልዋሉ።
ክዳኑ ላይ በእጇ ጽሑፍ፦
«የፈለጋቸው የለም። ልጥላቸውም አልቻልኩ።»

ቁጭ አልኩ፤
የልጅ ወንበር ነው፣ ጉልበቴ አገጬን ነካ።
ነጭ በነጭ ላይ ምን ሊጽፍ?
አባቴ ቅኔ ቤት አራት ዓመት ተቀምጦ
ሳይጨርስ ወጥቶ ነጋዴ ሆነ፤
ግን ጨው ሲመዝን እንኳ «ሰሙን ግፈፉት» ይል ነበር፣
«ወርቁ ከሥር ነው።»
ይቅር በለኝ አባባ፣
ነገ የምፈልገው ሰሙን ነው።

ማክሰኞ። ሲረግጡት የሚበራ ጫማ፣
ገና ፋብሪካ ፋብሪካ የሚሸት ቦርሳ፣
ሃያ ስድስት ልጅ፣ ሃያ ስድስት ነጭ ወረቀት፣
ሃያ ስድስት ነጭ ሰም።

«ሚስ ዘርፌ፣ የኔ አይሠራም» አለች ማሪሰል።
«ይሠራል።»
«ግን አይታይም!»
«አይታይ። ሳሉ።»
ሬሚ እጁን አወጣ፤
አምና ወረቀቱን በላጲስ እስኪበሳው
ይፍቅ ነበር ብለውኛል።
«ብሳሳትስ?»
«ማን ያይሃል?»

ክፍሉ ጸጥ አለ።
ሰም ከወረቀት ሲፋተግ ብቻ፣
በሩቅ በረዶ ላይ የሚሄድ ሰው ይመስላል።
ላጲስ የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ የአቶ ኦረስትን የወለል ባልዲ ተውሼ
ያለኝን አንድ ጠርሙስ ሰማያዊ በውሃ ገደልኩት፤
በሰፊው ብሩሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣
አንድ ጊዜ፣ ሳይመለሱ።

ከማሪሰል ወረቀት ባለ አምስት ፎቅ ኬክ ወጣ።
ከአንዱ ስሙ፣ ስሙ፣ ስሙ።
ከሬሚ ወረቀት መጀመሪያ
የዓሣ አጥማጅ ጎጆ፣ በረጋ ሐይቅ ላይ፣
አያቱ ይሆኑ፣ ኮፍያ ያደረጉ፣ የተቀመጡ።
ብሩሹ ሲወርድ፣ ከበረዶው ሥር ዓሣ፤
ጎጆውን ያክላል፤ አይ፣ ይበልጠዋል፤
ጅራቱ ከወረቀቱ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል፣
ዓይኑ ወደ ላይ፣ ወደ ሽማግሌው።

ሬሚ ብሩሹን ይዞ ቆመ።
«እንዲህ ትልቅ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።»

ዓርብ መስከረም አንድ ዋለ። ለማንም አልተናገርኩም።
ቆርቆሮው ውስጥ ሰማንያ ስምንት ቀሩ።
የማዘዣ ቅጹ ላይ «ቀይ» ብዬ ጻፍኩ፣
ትንሽ አሰብኩና ከሥሩ «ነጭ»።

ሳልወጣ ኦረስት ባልዲውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤
ውስጡ እስከ አፉ ሰማያዊ።
«ይለቃል?» አለኝ።
«ይለቃል» አልኩት።
ውሸቴን ነው።